«ሰነፍ ሆነ» ከማለታችን በፊት፦ ስኪዞፍሬንያና የሥራ ትውስታ

(ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየቤታችን በሹክሹክታ የሚነገር እንጂ በአደባባይ የማይወራ ነው። ስኪዞፍሬንያ ስለሚባለው የአእምሮ ሕመም ነው። ስለዚህ ሕመም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ስለመስማት፣ «ይከታተሉኛል» ብሎ ስለመጠርጠርና ብቻን ስለማውራት ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናተኩር የፈለግነው ብዙ ጊዜ በማይታየው፣ ነገር ግን ቤተሰብን በሚያጣላው ክፍል ላይ ነው። እርሱም ትውስታ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የ22 ዓመት ልጅ እናስብ። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ገብቷል። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ድምፆቹም ጠፍተውለታል። እናቱ «ልጄ፣ ስትወጣ ቆሻሻውን ጣል፣ ከሱቅ ዳቦና ወተት አምጣ፣ ስትመለስ ደግሞ ለአክስትህ ደውልና ለሰንበት እንጠብቅሻለን በላት» ትለዋለች። ልጁ እሺ ብሎ ይወጣል። ዳቦ ብቻ ይዞ ይመለሳል። ቆሻሻው እዚያው በሩ አጠገብ ነው፤ አክስትም አልተደወለላትም። አባት ይቆጣል፤ «ይህ ልጅ ሰነፍ ሆነ፤ ንቆናል፤ ሆን ብሎ ነው» ይላል። ልጁ መልስ አይሰጥም። ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እናት በመካከል ታለቅሳለች።

ይህ ልጅ ሰነፍ ነው? ወላጆቹንስ ንቋል? ወይስ በአንጎሉ ውስጥ የሆነ ነገር አለ? የዛሬው ንግግራችን ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

የሥራ ትውስታ ማለት ምን ማለት ነው?

ትውስታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከአርባ ዓመት በፊት በጎንደር ወይም በትግራይ በመንደራችን የነበረውን ወንዝ የምናስታውሰው በረጅም ጊዜ ትውስታ ነው። ይህ እንደ ጎተራ ነው። የገባበት እህል ለዓመታት ይቀመጣል። የሥራ ትውስታ የምንለው ግን ሌላ ነው። ይህ በጎተራው ያለውን ሳይሆን አሁን በእጃችን ይዘን የምንሠራበትን ነገር ነው። ለጥቂት ሴኮንዶች ይይዛል፤ እየያዘም ያገላብጣል።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ከፊታችሁ ሲቀመጡ መጀመሪያ ከሳሽ ይናገራል። ከዚያ ተከሳሽ ይቀጥላል። እናንተ ተከሳሹን ስታዳምጡ የከሳሹን ቃል አልጣላችሁትም፤ ይዛችሁታል። ይዛችሁም ሁለቱን ታመዛዝናላችሁ፤ የት እንደሚጣጣሙ፣ የት እንደሚለያዩ ትለያላችሁ። ይህ የሥራ ትውስታ ነው። እናቶችም ቡና ስታፈሉ ስንት ሰው እንደተቀመጠ፣ ማን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ፣ ጀበናው ገንፍሎ እንደሆነ በአንድ ጊዜ ትይዛላችሁ። ይህም እርሱ ነው።

እስቲ አሁን አብረን እንሞክረው። ከቅዳሜ ጀምራችሁ የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቅዳሜ፣ ዓርብ፣ ሐሙስ... ወደ ፊት ከመቁጠር እንደሚከብድ ልብ አላችሁ? ወደ ኋላ ስትቆጥሩ የደረሳችሁበትን ቀን መያዝና በሐሳብ ማገላበጥ ስላለባችሁ ነው። ያን ጊዜ ስልክ ቢደወል ወይም ሰው ቢያናግራችሁ የት እንደደረሳችሁ ይጠፋችኋል። የሥራ ትውስታ ጠባብ ነው። ጤነኛ ሰውም ቢሆን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው። ተመራማሪዎች 4 ገደማ ነው ይላሉ። እንግዲህ ለልጁ የተነገረው ስንት ነበር? ቆሻሻ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ የአክስት ስልክና መልእክቷ። ለጤነኛ እንኳ ሞልቶ የፈሰሰ ነው።

በአንጎል ውስጥ የሚሆነው

ይህን ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ከግንባራችን ጀርባ ያለው ነው። ብቻውን አይደለም፤ ከሌሎች ክፍሎች ጋር ተባብሮ ነው። ይህ እንዴት ታወቀ? እ.ኤ.አ. በ1971 ተመራማሪዎች በዝንጀሮዎች ላይ አንድ ምርመራ አደረጉ። ምግብ የት እንደተቀመጠ ለዝንጀሮው ካሳዩት በኋላ ይሸፍኑበታል፤ ትንሽ ጊዜም ያስጠብቁታል። በዚያ የጥበቃ ጊዜ፣ ምንም በማይታይበት ሰዓት፣ ከግንባር ጀርባ ያሉ አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ሥራቸውን ሳያቋርጡ እንደሚቀጥሉ አዩ። ሴሎቹ የጠፋውን ነገር እንደያዙ ይቆያሉ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፓትሪሺያ ጎልድማን-ራኪች የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት ይህን ክፍል ለብዙ ዓመታት አጥንታ የሥራ ትውስታ ሕመም በስኪዞፍሬንያ ውስጥ ትልቅ ቦታ እንዳለው አስተማረች።

እ.ኤ.አ. በ1986 ዳንኤል ዋይንበርገርና ባልደረቦቹ ሕመምተኞችንና ጤነኞችን አንድ የካርድ ፈተና እያሠሩ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ለኩ። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ብዙ ደም ይሻል፤ ይህ የታወቀ ነው። በጤነኞቹ ዘንድ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ፈተናው ሲጀመር ደሙ ጨመረ። በሕመምተኞቹ ዘንድ ግን በዚያ መጠን አልጨመረም።

በ1992 ደግሞ ሶሂ ፓርክና ፊሊፕ ሆልዝማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ቀላል የሚመስል ነገር ሠሩ። በሰሌዳ ላይ አንድ ምልክት ይታያል፤ ከዚያ ይጠፋል። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ሰውየው ምልክቱ የነበረበትን ቦታ መለየት አለበት። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ተሳሳቱ። ነገር ግን ምልክቱ ሳይጠፋ በፊታቸው ሲቆይ ችግር አልነበረባቸውም። ወላጆች ሆይ፣ ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃናል። ከዓይናቸው ፊት ያለውን ያደርጉታል፤ በሐሳብ ተይዞ መቆየት ያለበት ነው የሚያመልጣቸው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የአንጎልን ሥራ ያለ መርፌና ያለ ጨረር የሚያሳይ የኤምአርአይ ዘዴ ተገኘ። ሰውየው በመሣሪያው ውስጥ ተኝቶ ፊደላት አንድ በአንድ ይታዩታል። አሁን የሚታየው ፊደል ከሁለት በፊት ከታየው ጋር አንድ ከሆነ ቁልፍ ይጫናል። ሥራውን ማክበድ ሲፈለግ «ከሦስት በፊት» ይባላል። በዚህ ዘዴ የተደረጉት ጥናቶች ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም። በአንዳንዶቹ የሕመምተኞቹ አንጎል ከጤነኞች ያነሰ ሠራ፤ በሌሎቹ ግን ከጤነኞች ይልቅ ብዙ ሠራ። ይህ መጀመሪያ ግራ አጋቢ ነበር። ኋላ ግን ብዙ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ማብራሪያ መጣ።

እናቶች እንስራ ተሸክማችሁ ውኃ የቀዳችሁበትን ጊዜ አስታውሱ። ጤነኛ ሴት ግማሽ እንስራ ስትሸከም አትደክምም። ሞልታ ስትሸከም ትተነፍሳለች፤ ግን ታደርሰዋለች። ከወባ ገና ያገገመች ሴትስ? በግማሽ እንስራ ገና ታልባለች። እንስራው ከሞላ ደግሞ መንገድ ላይ ታስቀምጠዋለች። የሕመምተኛው አንጎልም እንዲሁ ነው። ሸክሙ ቀላል ሲሆን ጤነኛው ከሚያወጣው ጉልበት የበለጠ ጉልበት ያወጣል፤ ሥራውም ይሳካል። ሸክሙ ሲከብድ ግን ከአቅሙ በላይ ይሆንና ሥራው ይወርዳል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። «አይጥርም» የምንለው ልጅ ለትንሹ ሥራ ከእኛ ይልቅ ብዙ እየጣረ ሊሆን ይችላል። ድካሙ ከውጭ ስለማይታይ ብቻ ነው ስንፍና የሚመስለን።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ይህ ሁሉ ጥናት የብዙ ሰዎችን አማካይ የሚናገር ነው። ትውስታው ደህና የሆነ ሕመምተኛ አለ። እንዲሁም ሐኪም የአንድን ሰው አንጎል በመሣሪያ ፎቶ አንስቶ «ስኪዞፍሬንያ ነው» ሊል አይችልም። ሕመሙ የሚታወቀው በውይይት፣ በጊዜ ክትትልና ከቤተሰብ በሚገኝ ታሪክ ነው።

ድምፁ ሲጠፋ ትውስታው ለምን አይመለስም?

ብዙ ወላጆች ይህን ይጠይቁናል። «መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ድምፁ ጠፍቷል፤ ታዲያ ለምን እንደ ድሮው አልሆነም?»

የዚህ ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ነው። በ1952 በፓሪስ ሐኪሞች ለሕመምተኞች መስጠት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት መድኃኒቶችም አብዛኞቹ የሚሠሩት ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል መቀበያ በመዝጋት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስቡት በዚህ ሕመም ዶፓሚን በአንጎል ጥልቅ ክፍል ይበዛል፤ ድምፅና ጥርጣሬ ከዚያ ይመጣሉ። ከግንባር ጀርባ ባለው ክፍል ግን ያንሳል፤ የሥራ ትውስታም ይደክማል። መድኃኒቱ የበዛውን ይገታል፤ ያነሰውን ግን አይሞላም። በተጨማሪም ከሞቱ በኋላ በተመረመሩ የሕመምተኞች አንጎል ላይ ከግንባር ጀርባ ያሉ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ትንንሽ ቅርንጫፎች ሳስተው ተገኝተዋል። እስከ ዛሬ ለዚህ የትውስታ ድካም ብቻ ተብሎ የተፈቀደ ኪኒን የለም።

ይህን ስንል መድኃኒቱ አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። በተመለሰ ቁጥር ደግሞ ትምህርት፣ ሥራና ወዳጅነት ይፈርሳል። ስለዚህ ማንም በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ። ነገር ግን ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ለመንቀጥቀጥና ለሰውነት መገተር ተብለው የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ትውስታን ያደክማሉ። «ይህ መድኃኒት አሁንም ያስፈልገዋል ወይ? መጠኑ ሊቀንስ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ለትውስታው የሚረዳ ነገር አለ ወይ? አዎ፣ አለ። አንጎልን ደረጃ በደረጃ የሚያለማምድ ሕክምና አለ፤ ከአሠልጣኝ ጋር በየሳምንቱ የሚደረግ ነው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ነገር ግን ከሥራ ልምምድና ከሌላ የማገገሚያ እርዳታ ጋር ሲጣመር የተሻለ ይሆናል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞና ሌላ የሰውነት እንቅስቃሴም ለአንጎል ይረዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ቅድም እንመለስበታለን ያልነው ነጥብ ይህ ነው። በሐሳብ መያዝ ያለበትን ነገር ከዓይን ፊት እናስቀምጥለት።

አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንንገር። «ልጄ፣ ቆሻሻውን ጣልልኝ።» ሲጨርስ ሁለተኛውን እንንገር። ከመሄዱ በፊት «ምን ልታመጣልኝ ነው?» ብለን በራሱ አፍ እንዲደግመው እንጠይቅ። ስንጠይቅ እንደ ፈተና ሳይሆን በፍቅር ይሁን።

ሁለተኛ፣ ይጻፍ። የሚገዛው ነገር በወረቀት ይያዝ፤ የዕለቱ ሥራ ፍሪጅ ላይ ይለጠፍ። ፊደል የማንቆጥር ወላጆች ከሆንንም መንገድ አለ። ባዶውን የወተት ካርቶን በእጁ እንስጠው፤ ቆሻሻውን በሩ ፊት ሳይሆን መውጫው ላይ፣ ሊያልፈው በማይችልበት ቦታ እናስቀምጥ። በስልክ ድምፃችንን ቀድተን እንላክለት።

ሦስተኛ፣ የመድኃኒቱ ነገር። የሳምንቱ ቀናት የተለዩበት የኪኒን ሳጥን በፋርማሲ ይገኛል። «ዛሬ ወስደሃል ወይ?» እያልን በየቀኑ ከምንጨቃጨቅ ሳጥኑ ይመስክር። የስልክ ማንቂያም በተመሳሳይ ሰዓት ይደወል። መርሳት ከበዛ በየጥቂት ሳምንቱ የሚሰጥ መርፌ ስላለ ሐኪሙን እናማክር።

አራተኛ፣ ጫጫታ እንቀንስ። ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ልጆች እየሮጡ፣ እንግዳ እያወራ ትእዛዝ አንስጥ። ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ ፊቱን አይተን፣ ባጭሩ እንናገር። መልስ እስኪሰጥም ትንሽ እንጠብቅ።

አምስተኛ፣ ቀኑ ሥርዓት ይኑረው። መነሻው፣ መብያው፣ መተኛው ሰዓት ተመሳሳይ ይሁን። የተለመደ ነገር ብዙ መያዝ አይጠይቅም። በዚህ ረገድ ሰንበታችን ትልቅ ሀብት ናት። ዓርብ ምን እንደሚዘጋጅ የታወቀ ነው። ከዚያ ሥራ አንዷን፣ ሁልጊዜ ያችኑ፣ ለእርሱ እንስጠው። የቤቱ ሰው መሆኑን ያውቃል።

ስድስተኛ፣ አንስደብ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ዘወትር ትችትና ቁጣ ባለበት ቤት ሕመሙ ቶሎ ይመለሳል። ይህ ማለት ሕመሙን ያመጡት ወላጆች ናቸው ማለት አይደለም፤ አይደሉም። ደግሞም መሰልቸታችሁ አይገርምም፤ ሸክሙ ከባድ ነውና። ነገር ግን ሰላማዊ ቤት ከመድኃኒት ጋር የሚቆጠር ነው። እናንተም የምታርፉበትን፣ ሌላ ዘመድ የሚተካችሁን ሰዓት አዘጋጁ።

ሰባተኛ፣ ከሐሺሽ ይጠበቅ። በስዊድን ከ45,000 በላይ ለውትድርና የተጠሩ ወጣቶችን ለ15 ዓመታት የተከታተለ ጥናት በ1987 ታትሟል። በጥናቱ መሠረት ሐሺሽ አብዝተው የተጠቀሙት ከማይጠቀሙት ይልቅ በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ነበር። ትውስታንም ያደክማል። ጫትም አእምሮን የሚያነቃቃ ነገር ስላለው ለዚህ ሕመምተኛ አይሆንም። «ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት» ብለን አንለፈው።

ስለ ማኅበረሰባችን በግልጽ እንነጋገር

«ይህ በሽታ በአገራችን አልነበረም፤ እዚህ ነው ያገኘን» ሲባል እንሰማለን። በኢትዮጵያም ነበር፤ አሁንም አለ። በቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች ከ68,000 በላይ ጎልማሶችን ቤት ለቤት ጠይቀው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ከ300 በላይ ሰዎች አግኝተዋል። በአገራችን ግን ስሙ ሌላ ነበር። ዛር ይባል ነበር፤ ቡዳ በላው ይባል ነበር።

ነገር ግን ስደት ለሕመሙ ዕድሉን እንደሚጨምርም እውነት ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ይህን አሳይተዋል። በእስራኤልም በ2008 የታተመ ትልቅ ጥናት ከስደተኞች መካከል ከኢትዮጵያ በመጡት ዘንድ ዕድሉ ከሁሉ ከፍ ያለ መሆኑን አገኘ። ምክንያቱ በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም። በሱዳን በረሃ ወገኖቻቸውን የቀበሩ፣ በ1984 እና በ1991 በአንድ ሌሊት ከአገር አገር የተሻገሩ፣ እዚህም ከደረሱ በኋላ በመልካቸው የተገፉ ሰዎች ነን። ተመራማሪዎች መገፋትና ብቸኝነት ድርሻ አላቸው ብለው ያስባሉ። ይሁን እንጂ ዕድሉ ከፍ አለ ማለት ሁላችን እንታመማለን ማለት አይደለም። ከመቶ ልጆቻችን አብዛኞቹ፣ እጅግ አብዛኞቹ፣ በዚህ ሕመም አይያዙም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዘር የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲታመም «የእህቶቹ ጋብቻ ይበላሻል» ብለን እንደብቀዋለን። ልጁ በጓዳ ይቀመጣል፤ ሕክምናውም ይዘገያል። እውነት ነው፣ ዘር ድርሻ አለው። ነገር ግን ወንድሙ ወይም እህቱ ከታመመችበት ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ በዚህ ሕመም አይያዝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሕክምናው በቶሎ የተጀመረለት ሰው የተሻለ የማገገም ዕድል አለው። ሽማግሌዎቻችንና ቄሶቻችን ይህን በሠርግ ሽምግልና ላይ ብትናገሩት ከእኛ መቶ ንግግር ይበልጣል።

ወደ ቄስ ሄዶ ማስጸለይ የሚፈልግ ይሂድ። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። የምንለምናችሁ «መድኃኒቱን ተውና ጸልዩ» እንዳይባል ብቻ ነው።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ

ሦስት ነገሮችን አስቡ።

የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። የትውስታ ፈተና በዕብራይስጥ ከተሰጠ፣ በአማርኛ የሚያስብ ሰው ግማሹን አቅሙን ለትርጉም ያውለዋል። ውጤቱም ከእውነተኛ አቅሙ ያንሳል። ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰውም በወረቀት ፈተና ሊወድቅ ይችላል፤ ይህ ግን ሕመም አይደለም። ስለዚህ «ፈተናው በአማርኛ ይሁንልን፣ ወይም ቋንቋውንና ባህሉን የሚያውቅ ሰው ይገኝ» በሉ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል አገልግሎታቸውን እንዲያመቻቹ አዟል። ትንሹን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የወንድሙን ሕመም በራሱ አፍ መናገር ለልጅ ከባድ ነው፤ ቃልም ይዘላል።

ሁለተኛው የምንናገረው ነገር ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ወይም «የሞተው አባቴ በሕልሜ መጥቶ አናገረኝ» ብንል ይህ ሐዘን እንጂ ስኪዞፍሬንያ አይደለም። ለማያውቀው ሐኪም ግን ሌላ ሊመስለው ይችላል። እናብራራለት። ከሕመሙ በፊት ልጁ እንዴት እንደነበረም እንንገረው። ብዙ ጊዜ ድምፅ መስማት ከመጀመሩ በፊት ትውስታውና ትምህርቱ ቀድሞ ይደክማል። «በትምህርቱ ጎበዝ ነበር፤ በ17 ዓመቱ ሳይታመም ወደ ኋላ ቀረ» ማለት ለሐኪሙ ጠቃሚ ነው።

ሦስተኛው መብት ነው። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና በቁፓት ሖሊም በኩል ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በአእምሮ ሕመም የተነሳ ቢያንስ 40 በመቶ የአካል ጉዳት የተወሰነለት፣ 18 ዓመት የሞላው ሰው ሳል ሺኩም የሚባለውን የማገገሚያ እርዳታ ለመጠየቅ እንዲችል ያደርጋል። በዚህ ውስጥ የመኖሪያ ድጋፍ፣ የሥራ ድጋፍ፣ ትምህርት ማሟላትና ቤት እየመጣ አብሮ የሚረዳ ሰው ይገኛል። ትውስታው ለደከመ ልጅ ይህ አብሮት የሚሄድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቅጹ ረጅም ነው፤ ደብዳቤውም ይበዛል። ትውስታ የደከመበትን ሰው «ራስህ አመልክት» ብለን አንተወው። ዘመድ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ከጎኑ ይቀመጥ።

አንድ ከባድ ነገርም አለ፤ ሳንናገር አናልፍም። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋት አደጋ ከሌላው ሰው ይበልጥባቸዋል። በተለይም ከሆስፒታል በወጡበት ሰሞንና «ከእንግዲህ እንደ ድሮው አልሆንም» ብለው ተስፋ ሲቆርጡ ነው። «መኖር ሰለቸኝ» ሲል ስትሰሙ አትቆጡት፤ ዝምም አትበሉት። በግልጽ «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት። በአደጋ ጊዜ 101 ደውሉ ወይም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። በጭንቀት ጊዜ የሚያዳምጠው የኤራን ስልክ ደግሞ 1201 ነው።

ለማጠቃለል

ውድ ወላጆች፣ ክቡራን ሽማግሌዎች፣ ከዚህ ንግግር ሦስት ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እንለምናለን። አንደኛ፣ የሥራ ትውስታ ድካም የሕመሙ አካል ነው፤ ስንፍናም ንቀትም አይደለም። ሁለተኛ፣ አንጎሉ ለትንሹ ሥራ ብዙ ስለሚደክም ሸክሙን እንከፋፍልለት፤ የሚያዘውን ከዓይኑ ፊት እናስቀምጥለት። ሦስተኛ፣ ሕመሙ አይደበቅ፤ ሐኪሙ በቋንቋችን ያነጋግረን፤ ሕጉ የሰጠንን መብት እንጠይቅ።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ልጃችሁን አንድ ነገር ብቻ እዘዙት፤ አጭርና ቀላል። ሲያደርገውም «ጎበዝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በሉት። ለእናንተ ትንሽ ይመስላል። እርሱ ግን በግማሽ እንስራ የላበ ሰው ነውና ያውቀዋል።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። በሰው ፊት መጠየቅ የከበደው ከስብሰባው በኋላ ለብቻ ያነጋግረን፤ የቤተሰብ ምሥጢር ከእኛ አይወጣም።